የወረሳችሁትን ጠገራና የድሮ ሳንቲም ለነጋዴ ስትሸጡ፦ ተገቢውን ዋጋ ስለማግኘት

ከወላጅ የተወረሰ የሳንቲም ሣጥን ይዞ ነጋዴ ዘንድ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ «ለሁሉም ይህን ያህል እከፍላለሁ»። ያ ቁጥር ጥሩ ይሁን መጥፎ ማወቂያ የለውም። በክብደት የሚሸጠው ጠገራ፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው የምኒልክ ብርና ምንም የማያወጣው ሽርፍራፊ በአንድ ላይ ተጠቅልለው ዋጋ ተሰጥቷቸዋል። ተገቢ ዋጋ የሚገኘው ጠረጴዛ ላይ በመከራከር አይደለም፤ ነጋዴው ከማየቱ በፊት ሣጥኑን ራስ ለይቶ፣ መዝኖና ጽፎ በመሄድ ነው። የምጽፈው በዋነኝነት በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ላሉ ቤተሰቦች ነው። ሣጥኑ አዲስ አበባ ላለበት ሰው የሚለየውን ነገር ደግሞ ዝቅ ብዬ ለብቻው አነሣዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ አትጠቡት፣ አትወልውሉት። በእኛ ቤት የብር ጌጥን በአመድና በሎሚ ማሸት የተለመደ ስለሆነ፣ «ነጋዴው ፊት ንጹሕ ሆኖ ይቅረብ» በሚል ቅን ሐሳብ ሣጥኑን ሙሉ አሽተው የሚያመጡ አሉ። ሳንቲም ሲታተም ማዕድኑ በማተሚያው ግፊት ሲፈስ ላዩ ላይ በጣም ስስ መስመሮች ይቀራሉ፤ መብራት ሥር ሲዞር የሚታየው የሚንቀሳቀስ ነጸብራቅ የእነሱ ሥራ ነው። አመድም ሆነ የብር ማጽጃ ክሬም እነዚያን መስመሮች ጠርጎ በምትካቸው የጭረት መረብ ይተዋል፤ ነጋዴ መብራቱን ዘንበል ሲያደርግ በአንድ አፍታ ያየዋል። ክፉኛ ያለቀ ጠገራ ቢታሽ ብዙ አይጎዳም፣ የሚሸጠው በክብደቱ ነውና። ጥርት ብሎ የቆየ የምኒልክ ብር ግን በአንድ እጥበት ከዋጋው ግማሽ በላይ ሊያጣ ይችላል። ጥቁረቱ ጉዳት አይደለም፤ ሰብሳቢዎች የሚወዱት ጥቁረት አለ። ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከርሞ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር የያዘ ካለ ግን ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ በካርቶን መያዣ አድርጉት እንጂ አትፈግፍጉት። ፕላስቲኩ የሚያወጣው ኬሚካል ማዕድኑን መብላቱን ይቀጥላል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የአንድ ግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና ማግኔት ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ብዙ ገንዘብ አይፈጁም። እያንዳንዱን ሳንቲም በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሡ፣ ክብደቱን ጻፉ፣ ቁጥር ስጡት። በተለይ ወራሾቹ ብዙ ከሆናችሁ ይህ ዝርዝር ለሁሉም ይላክ፤ አንዱ ወንድም ብቻውን ሸጦ «ስንት ነበር? የቱ ቀረ?» የሚል ጥያቄ ቤተሰብ ሲያቀያይም የሚውለው ዝርዝር ስለሌለ ነው።

አሁን ወደ መለየቱ። ከሣጥኑ አብዛኛውን የሚይዘው ጠገራው፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ ንጹሕ ብሩ 83.3 በመቶ ነው። ብዙ ሰው «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» ብሎ ትልቅ ተስፋ ይዞ ይሄዳል። ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 ወዲህ ግን ያው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ በቪየና ሲታተም ኖሯል፤ በ1930ዎቹና ከዚያ በኋላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃምም ታትሟል። ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። ስለዚህ ተራው ጠገራ ዋጋው የማዕድኑ ነው፤ ነጋዴው «ይህ ብርቅ አይደለም» ቢል እውነቱን ነው። ለብቻ መነሣት ያለባቸው ከ1780 ሌላ ዓመት ያለባቸው፣ እንዲሁም የንስሩ ላባና የፊቱ ዝርዝር ሳያልቅ የቀሩት ናቸው። ከኋለኞቹ ውስጥ የጥንቶቹን እትሞች የሚለይ ሰብሳቢ ከማዕድኑ በላይ ይከፍላል። ለመለየት የሚታዩት የንስሩ ጅራት ላባዎች፣ የትከሻው ጌጥ ቅርጽና ጠርዙ ላይ ያለው ሐረግ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ተራ ሱቅ ሁሉንም እኩል ይመዝናል።

ሐሰተኛውን ጠገራ ራሳችሁ መለየት ትችላላችሁ። አገር ቤት ነጋዴዎች ዱሮ የሚቆጥሩት በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ነበር፤ ዛሬም የማይናቅ ምልክት ነው። ጠርዙ ላይ በላቲን «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ» የሚል ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ በቅርጽ አፍስሰው የሠሩት ላይ ጽሑፉ ይደበዝዛል ወይም ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። ከሁሉ የሚታመነው ግን የውኃ ሚዛን ነው። ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ካነበበ ብሩ ትክክለኛ ነው፤ 3.1 ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ በውስጡ መዳብ ወይም ኒኬል የበዛበት ሐሰተኛ ነው። የአየር አረፋ ተጣብቆ ከሆነ ቁጥሩ ይሳሳታልና ክሩን ነቅነቅ አድርጉት። ለአንገት ጌጥ ተብሎ ዓይን የተበየደለት ወይም የተበሳ ጠገራ የሰብሳቢ ዋጋ የለውም፣ በማዕድኑ ግን ይሸጣል። ብየዳው ላይ ያለው ርካሽ ማዕድን ስለሚመዘን ነጋዴው ጥቂት ቢቀንስ አግባብ ነው።

የምኒልክ ብሮች ላይ ከአሜሪካዊው ነጋዴ የበለጠ ዕውቀት ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ ቁጥሩን ማንበብ ትችላላችሁና። በፓሪስ የታተሙት የአንድ ብር ሳንቲሞች ዓመተ ምሕረታቸው በግዕዝ ቁጥር ነው፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪፣ ፲፰፻፺፭። ግዕዝ የማያነብ ነጋዴ «የምኒልክ ብር» ብሎ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይጠራል። ፲፰፻፹፯ የሚለው ከሌሎቹ እጅግ ባነሰ ቁጥር የታተመ ስለሆነ ከእነሱ ጋር መሸጥ የለበትም። ከላይ ቆሻሻ የያዘ ፹፯ እና ፹፱ በዓይን በቀላሉ ይምታታል፤ ከ፹ ቀጥሎ ያለውን ፊደል በአጉሊ መነጽር ደጋግማችሁ እዩት። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጹሕነቱ 83.5 በመቶ ስለሆነ በሚዛን ከጠገራው አይለይም። ሌላው መሳሳቻ የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ የውጭ ካታሎጎች የኢትዮጵያን ዓመት ከፈረንጅ ዓመት ጋር ጎን ለጎን ስለሚጽፉ ፲፰፻፹፱ን 1897 ሥር ታገኙታላችሁ።

የምኒልክ ብር ዋጋ የሚወሰነው በጥራቱ ነው። የንጉሡ ዘውድ ላይ ያለው ዝርዝርና የአንበሳው ጋማ ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ ፊቱ ከተላላጠው ጓደኛው ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ በብዙ እጅ ስላለፉ ጥርት ያሉት ጥቂት ናቸው። አላዱም (ግማሽ ብሩ) ሩቡም እንዲሁ። ግርሹ ግን፣ በተለይ ፲፰፻፺፭ የሚለው፣ በብዛት የታተመ ስለሆነ በጅምላ ይሸጣል፤ 1.40 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው። ሐሰተኛ የምኒልክ ብር በገበያ ብዙ ስላለ ማግኔት የሚስበውን፣ ክብደቱ ከ27.5 ግራም በታች ሆኖ ፊቱ ግን ያላለቀውን ተጠራጠሩ። ያለቀ ሳንቲም ክብደት መቀነሱ ያለ ነው፤ አዲስ የመሰለ ሳንቲም ክብደት የሚጎድልበት ምክንያት ግን የለውም። የምኒልክ ዘመን ወርቅ አገኘን የምትሉ ከሆነ ለማንም ሱቅ አትሽጡት፤ በኋላ ዘመን የተሠሩ ቅጂዎች ስላሉ ከማረጋገጫ ድርጅት ወረቀት ሳይመጣ እውነተኛ ዋጋ አይሰጠውም።

ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ፲፱፻፴፮ የሚለው ባለ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ 7.03 ግራም ሲሆን ብር ነው። መጀመሪያ የታተመው 80 በመቶ፣ በኋላ የታተመው 70 በመቶ ንጹሕ ብር ይዟል፤ ዓመቱ ያው ስለሆነ በዓይን አይለይም። ነጋዴ ሁሉንም በ70 ሂሳብ ይገዛል። ብዛቱ ከመቶ በላይ ከሆነ በኤክስሬይ መሣሪያ እንዲለካላችሁ መጠየቅ ያዋጣል። ሁለተኛው ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ዙሪያው የተጠማዘዘውን ነው፤ እሱ ምንም አያወጣም። ያው ፲፱፻፴፮ የሚል ሆኖ ዙሪያው ሙሉ ክብ የሆነ ከተገኘ ግን ለብቻው አስቀምጡት። ሰዎች በብር እየለበጡ ሃምሳ ሳንቲም ነው እያሉ ሲያሳልፉት ቶሎ ከገበያ ተሰብስቦ ዙሪያው እንዲጠማዘዝ የተደረገው እሱ ነው፤ ስለዚህም ክቡ ጥቂት ነው። ሦስተኛው የ፲፱፻፶፰ ወርቆች ናቸው፤ ከ10 እስከ 200 ዶላር የሚል ዋጋ የተጻፈባቸው፣ 90 በመቶ ወርቅ። ባለ 10ው 4 ግራም፣ ባለ 50ው 20 ግራም፣ ባለ 200ው 80 ግራም ይመዝናል። የባለ 200ው ንጹሕ ወርቅ ብቻ 72 ግራም ነው። ማንም «የመታሰቢያ ሜዳልያ ነው» እያለ እንዲያጣጥልባችሁ አትፍቀዱ። ከዋናው መያዣ ሣጥኑ ጋር ከሆነ ሣጥኑንም አብራችሁ ያዙ፤ ዋጋ ይጨምራል። የደርግ ዘመን መዳብና ኒኬል ሳንቲሞች ለልጅ ልጅ ማስታወሻ ይቀመጡ፤ ነጋዴ ጊዜውን አያጠፋባቸውም።

በአሜሪካ ረጅም ዓመት የኖሩ ወላጆች ሣጥን ውስጥ የአሜሪካ ብርም አይጠፋም፤ በፓርኪንግ፣ በነዳጅ ማደያና በታክሲ ሥራ ከመልስ ውስጥ ለየት ያለውን እያነሡ ያጠራቀሙ ብዙ ናቸው። 1964 እና ከዚያ በፊት የሚሉት ዳይም፣ ኳርተርና ግማሽ ዶላር 90 በመቶ ብር ናቸው። ጠርዛቸውን ስታዩ የመዳብ ቀይ መስመር የለም። ከ1965 እስከ 1970 ያሉት የኬኔዲ ግማሽ ዶላሮች 40 በመቶ ብር ይዘዋል፤ ብዙ ሰው ከተራው ጋር ባንክ ይመልሳቸዋል። በትልቁ የብር ዶላር ጀርባ ላይ «ሲሲ» (CC) የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ ከካርሰን ሲቲ ማተሚያ የወጣ ነው፤ በክብደት መሸጥ የለበትም።

ስሌቱ ይህ ነው፦ ክብደት በግራም፣ ሲባዛ በንጹሕነቱ፣ ሲካፈል ለ31.1035፣ ሲባዛ በዕለቱ የአንድ አውንስ ዋጋ። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን አንድ ጠገራ 28.07 ሲባዛ በ0.8333 ይሆንና 23.39 ግራም ንጹሕ ብር፣ ማለትም 0.752 አውንስ ነው፤ ማዕድኑ 22 ዶላር ከ56 ሳንቲም ያወጣል። ገበያው በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ በምትሄዱበት ጠዋት ያለውን ዋጋ አስገቡ። የአሜሪካን 90 በመቶ ብር ነጋዴዎች የሚገዙት በክብደቱ ሳይሆን ፊቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። ያረጀ ስለሆነ ፊቱ ላይ ለተጻፈ ለእያንዳንዱ ዶላር 0.715 አውንስ ይቆጥራሉ፤ በ30 ዶላር ሂሳብ ለአንድ ዶላር ፊት 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን የሚመጣ ስሕተት አለ። የወጥ ቤት ሚዛን የሚያውቀው ተራውን አውንስ ነው፣ 28.35 ግራም፤ ስለዚህ ጠገራው «አንድ አውንስ» ይመስላል። የከበረ ማዕድን አውንስ ግን 31.10 ግራም ነው፣ ከጠገራውም አንድ ስድስተኛው መዳብ ነው። በዚህ ምክንያት ትክክለኛ ዋጋ የሰጠን ነጋዴ ሌባ ብሎ መውጣት አለ። ሁለተኛው ስሕተት ግን ሻጩን ይጎዳል። አንዳንድ ወርቅ ቤቶች ሚዛናቸው በፔኒዌት የተደረገ ነው፤ አንድ ፔኒዌት 1.555 ግራም ነው። ጠገራ ሲቀመጥ 18 ያነባል። ሰውየው በግራም የተናገረውን ዋጋ በ18 ካባዛው 10 ግራማችሁን በላ ማለት ነው። ሚዛኑ ወደ ግራም እንዲቀየርና ማሳያው ወደ እናንተ እንዲዞር ጠይቁ፤ የራሳችሁን ቁጥር በወረቀት ይዛችኋልና ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ነጋዴ ከገበያው ዋጋ በታች መክፈሉ ማጭበርበር አይደለም። ኪራይ አለበት፣ ገንዘቡን አስሮ ገዢ ይጠብቃል፣ ጠገራ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እንደ አሜሪካ ብር በአንድ ቀን የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ከልምድ የማየው እንዲህ ነው፦ ለአሜሪካ 90 በመቶ ብር ከማዕድኑ ዋጋ ከ90 በመቶ በላይ መጠበቅ ይቻላል፤ ለጠገራና ለሌላ አገር ብር ከ80 እስከ 90 በመቶ ደኅና ነው፤ ለወርቅ ሳንቲም ከ95 በመቶ በታች ከተሰጣችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ለሰብሳቢ የሚሆን ሳንቲም ነጋዴው ራሱ ከሚሸጥበት ዋጋ ከ60 እስከ 75 በመቶ ቢከፍል አግባብ ነው። ዋጋው ዝቅ ላለ ሳንቲም ግማሹም አይገርምም፣ ፎቶ ማንሣቱና መላኩ ያው ሥራ ነውና። የማዕድኑን 50 በመቶ የሚሰጥ ግን እየጎዳችሁ ነው። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በአራጣ መያዣ ሱቆች፣ «ወርቅ እንገዛለን» በሚሉ ኪዮስኮች፣ እንዲሁም ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ለሁለትና ለሦስት ቀን ማስታወቂያ አስነግረው በሚገዙ ተዘዋዋሪዎች ዘንድ ነው። እነዚህ ነገ እዚያ ስለማይገኙ ቅሬታ ይዛችሁ የምትመለሱበት በር የላቸውም።

ለሰብሳቢ ሳንቲሞች ዋጋ ስታጣሩ የሚጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ አንድ ሰው ለምኒልክ ብር ሁለት ሺህ ዶላር ብሎ ዓመት ሙሉ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ያ ምኞት እንጂ ዋጋ አይደለም። ተሽጠው ያለቁትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጫኑ። ከፍ ላሉት የሄሪቴጅ ኦክሽንስ ያለፉ ጨረታዎች መዝገብ በነፃ ይታያል፤ ዓይነቱን ለመለየት ደግሞ ኑሚስታ የሚባለው የድረ ገጽ የሳንቲም ካታሎግ ይጠቅማል። ስታወዳድሩ የእናንተን ሳንቲም ፎቶ ከተሸጠው ፎቶ ጎን አድርጉና ሁለቱ ያለቁበት መጠን እኩል መሆኑን በቅን ልብ ፍረዱ። ሁሉም ሰው የራሱን ከፍ አድርጎ ያያል።

ነጋዴ ስትመርጡ የአሜሪካ ኑሚዝማቲክ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር (ANA) ወይም የፕሮፌሽናል ኑሚዝማቲስቶች ጊልድ አባል የሆነውን ፈልጉ፤ ሁለቱም የሥነ ምግባር ደንብና ቅሬታ የሚታይበት መንገድ አላቸው። ስልክ ደውላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የዓለም ሳንቲም ትገዛላችሁ?» ይሁን። የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ የሚሠራ ሱቅ ለምኒልክ ብር የሚሰጠው የማዕድን ዋጋ ነው፤ በክፋት ሳይሆን ለማን እንደሚሸጠው ስለማያውቅ ነው። ለዋሽንግተን አካባቢ ሰው የባልቲሞሩ ትልቅ የሳንቲም ትርዒት ጥሩ ዕድል ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የዓለም ሳንቲም ብቻ የሚሠሩ ነጋዴዎች ስለሚሰበሰቡ በአንድ ቀን ሦስት አራት ሰው ማሳየት ይቻላል። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ዕቃ ስለሚያሸክፉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሂዱ።

ሱቁ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ሦስቱን ክምር ለየብቻ አቅርቡ፤ መጀመሪያ በክብደት የሚሸጠውን፣ ቀጥሎ የሰብሳቢውን አንድ በአንድ፣ በመጨረሻ ምንም የማያወጣውን ሽርፍራፊ። ቁጥሩን ነጋዴው ፊት ቆጥራችሁ አስረክቡ፣ ቆጥራችሁ ተረከቡ። ሣጥኑ ወደ ጓዳ አይግባ፤ ምርመራም ካለ ዓይናችሁ ሥር ይደረግ። «ስንት ትፈልጋላችሁ?» ሲባል ቁጥር አትጥሩ፤ «እርስዎ የሚገዙበትን ይንገሩን፣ ለሌላም እናሳያለን» ማለት ይበቃል። እጁን ተከታተሉ። ልምድ ያለው ነጋዴ ክምሩን በፍጥነት ሲገፋ ቆይቶ አንዱን አንሥቶ መብራቱ ሥር ሁለት ጊዜ ካዞረው በኋላ ከሌሎቹ ጋር መልሶ ከቀላቀለው፣ የዚያን ሳንቲም ዋጋ ለብቻው ጠይቁ። ለእያንዳንዱ የሰጠውን በእናንተው ዝርዝር ላይ ጻፉ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጦ ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጥም አለ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የቀረው ክምር ሌላ ነጋዴ ዘንድ ሲሄድ የሚስብ ነገር አይኖረውምና ሙሉውን ዋጋ ሳትሰሙ ማንንም አትነጥሉ።

ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ ውሰዱ፣ የምታወዳድሩት ግን በዶላር አይሁን። ሰኞ የተሰጠና ዓርብ የተሰጠ ዋጋ የገበያው መውጣትና መውረድ ስለሚያዛባው፣ እያንዳንዱን በዚያ ሰዓት ከነበረው የማዕድን ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉት። ሰኞ 200 ዶላር የሰጠው ሰው ዓርብ 210 ከሰጠው ይሻል ሊሆን ይችላል። «አሁን ካልሸጣችሁ ዋጋው የለም» የሚልን ነጋዴ አመስግናችሁ ውጡ።

የሳንቲም ማረጋገጫ ድርጅቶች በሆኑት በፒሲጂኤስ (PCGS) ወይም በኤንጂሲ (NGC) አስመርምሮ በማሸጊያ ማስገባት ለሁሉም ሳንቲም አይሆንም። የምርመራው ክፍያ፣ መላኪያውና ዋስትናው ሲደመር ለአንድ ሳንቲም 50 ዶላርን በቀላሉ ያልፋል። ተራ ጠገራ መላክ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ጥርት ያለ የምኒልክ ብር፣ ፲፰፻፹፯ የሚለው፣ ወይም ማንኛውም የጥንት ወርቅ ግን ሐሰተኛ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ስለሚዘጋ ወጪውን ይመልሳል። እኔ ሁለት መቶ ዶላር የማያወጣን ሳንቲም አልክም። በፖስታ ስትልኩ የአሜሪካ ፖስታ ሬጂስተርድ ሜይል ተጠቀሙ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን በየእጁ ተፈርሞ ስለሚያልፍና እስከ 50,000 ዶላር ዋስትና ስለሚገባለት ከሌላው ይሻላል።

ጨረታ ቤት ስትሰጡ ውሉ ላይ አምስት ነገር አንብቡ፦ ከእናንተ የሚቆረጠው በመቶ፣ ዝቅተኛ መሸጫ ዋጋ መወሰን መቻላችሁ፣ ካልተሸጠ የሚከፈል ነገር መኖር አለመኖሩ፣ ዕቃው እጃቸው እያለ ዋስትናው የማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ጨረታው ካለቀ በስንት ቀን እንደሚደርስ። ገዢው በጨረታው ዋጋ ላይ 20 በመቶ አካባቢ ለጨረታ ቤቱ ይጨምራል። ይህ ከእናንተ ኪስ የማይወጣ ቢመስልም ገዢው አስልቶ ነው የሚጫረተው። ስለዚህ ዕቃው ከፍ ያለ ከሆነ ከሻጭ የሚቆረጠውን ወደ ዜሮ እንዲያወርዱት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ያወርዳሉ።

ሣጥኑ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ቦሌ ላይ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ የድሮ ሳንቲም ሊያዝ ይችላል፣ ተሸካሚውም ሊጠየቅ ይችላል። «ውጭ ዋጋው ይሻላል» ብሎ ለሚመለስ ዘመድ ማስያዝ ያንን ዘመድ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ከመሸጥም ሆነ ከመላክ በፊት ዝርዝሩንና ፎቶውን ይዛችሁ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቁ። ፒያሳና መርካቶ ያሉ ብር ሠሪዎች ጠገራ የሚገዙት አቅልጠው ጌጥ ለመሥራት ስለሆነ ምኒልክን ከጠገራ ጋር ደርባችሁ አትስጧቸው፤ አንዴ ከቀለጠ መመለሻ የለውም። የአክሱም ሳንቲም ከተገኘ ደግሞ፣ ትንንሽ ነሐስም ቢሆን፣ ለንግድ አታስቡት። ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት የሌለውን አሜሪካም ያለ ጥሩ ነጋዴ አይነካውም። ቦታው ሙዚየም ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ከፍ ላለ ገንዘብ የባንክ ዝውውር ወይም ባንክ ራሱ የጻፈው ቼክ ተቀበሉ። የግል ቼክ ከሆነ ባንኩ እስኪያጣራ ዕቃው አይውጣ። በብዙ ግዛቶች ገዢው መታወቂያ መመዝገብ ግዴታው ስለሆነ ሲጠይቃችሁ አትጠራጠሩ፤ እንዲያውም ሳይጠይቅ በጥሬ የሚከፍል ያሳስበኛል። ለግብር ደግሞ የወረሳችሁት ዕቃ መነሻ ዋጋ ወላጃችሁ የገዙበት ሳይሆን ባረፉበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ግብር የሚሰላው ከዚያ በላይ ባገኛችሁት ብቻ ሲሆን የመሰብሰቢያ ዕቃዎች የፌዴራል ጣሪያ 28 በመቶ ነው። ስለዚህ ባረፉበት ቀን የነበረውን የብርና የወርቅ ዋጋ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ዝርዝሩ ላይ አስፍሩ፣ ለሰብሳቢ ሳንቲሞቹም ነጋዴ በፊርማው ግምት እንዲሰጥበት አድርጉ። የሽያጭ ደረሰኙም «የተለያዩ ሳንቲሞች» በሚል አይጻፍ፤ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱና የእያንዳንዱ ዋጋ ተዘርዝሮ፣ የነጋዴው ስምና ቀኑ ያለበት ሆኖ ለሁሉም ወራሽ አንድ አንድ ቅጂ ይድረስ።